ዝገቱን ከማራገፋችሁ በፊት፦ አሮጌ መላጊያ እንዴት ይነበባል፣ እንዴትስ ይያዛል?

አንድ አሮጌ የብረት መላጊያ፣ እንጨት የሚላግበት መሣሪያ፣ እጃችሁ ገባ እንበል። ከሁለተኛ እጅ ዕቃ ክምር ውስጥ ጎትታችሁ ያወጣችሁት ይሆናል። ወይም ቤቱን ሲያጸዳ የነበረ ዘመድ «ውሰዱት፣ ለኔ ምን ያደርግልኛል» ብሏችሁ ይሆናል። መልኩ አይጋብዝም። ከላይ እስከ ታች ቡናማ ዝገት ለብሷል። ስለቱ ንቅንቅ አይልም። እጀታው በላብና በአቧራ ጠቁሯል። በዚህ ጊዜ የማንኛችንም እጅ ወደ ብርጭቆ ወረቀት ይሄዳል።

የእኔም ሄዷል። የመጀመሪያ መላጊያዬን በአንድ ከሰዓት እንደ መስታወት አብለጨለጭኩት። ጽሑፍ ካለበትም አብሬ ፋቅኩት። ስለቱን በግራይንደር ስስለው ደግሞ ጫፉ ወደ ሰማያዊ ተቀየረ። «እንዴት ያምራል!» ብዬ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አሳየሁ። ሰማያዊው የምን ምልክት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሌን ቀየርኩ። መጀመሪያ ማንበብ፣ ቀጥሎ መፍታት፣ ከዚያ ዝገት፣ በመጨረሻ ስለት። ብዙ ሰው ከሦስተኛው ይጀምራል። ችግሩ፣ ዕቃው ማን እንደሆነ የሚናገረው ማስረጃ ያለው እዚያው ዝገቱ ሥር፣ እዚያው የተላላጠው ቀለም ላይ፣ እዚያው የቆሸሸው ብሎን ላይ ነው። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ዝገቱ ግን አንድ ሳምንት ቢጨመርለት ምንም አያመጣም። ዕድሜ ልኩን እዚያው ኖሯል እኮ።

መላጊያን ምሳሌ ያደረግኩት ብዙ ክፍል ስላለውና እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ታሪክ ስለሚያወራ ነው። መሮ፣ መጋዝ ወይም መዶሻ ያገኘ ሰውም አብዛኛውን ይጠቀምበታል።

ጽሑፉን ማውጣት

መጀመሪያ ስልካችሁን አውጡና ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። ይሄን አትዝለሉት፤ ኋላ ሲገጣጠም ትመሰግኑኛላችሁ።

ከዚያ ጽሑፍ ፈልጉ። በዝገት የተሸፈነ ጽሑፍ ከፊት ለፊት ብርሃን ስታበሩበት አይታይም። ክፍሉን አጨልሙና የስልኩን መብራት ከጎን፣ ከብረቱ ጋር ሊነካካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ፊደላቱ ጥላ ስለሚጥሉ ብቅ ይላሉ። እምቢ ካለ ነጭ ጠመኔ ላዩ ላይ አሹና በጣታችሁ ጥረጉት። ጠመኔው ጎድጓዳው ውስጥ ይቀርና ጽሑፉ ይነበባል። ወይም እንደ ልጅነታችን፣ ስስ ወረቀት አስቀምጦ በእርሳስ ማሸት ነው። አንዱም ብረቱን አይጎዳም።

የት ነው የሚፈለገው? በመላጊያው አፍንጫ ላይ፣ በጎኖቹ ላይ፣ ስለቱን በሚጫነው ክዳን ላይ። ክዳኑን ስታነሱት ደግሞ በስለቱ የላይኛው ጫፍ ላይ። በመጨረሻም ስለቱ ከሚያርፍበት ተዳፋት ብረት ኋላ፣ አካሉ ወለል ላይ። ይህ ተዳፋት ብረት በእንግሊዝኛ ስሙ ፍሮግ ነው፤ እንቁራሪት ማለት። እኔም ፍሮግ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዛሬ የምናውቀው የብረት መላጊያ ቅርጽ በአብዛኛው የአንድ ሰው ሐሳብ ነው። ሌናርድ ቤይሊ የሚባል አሜሪካዊ። ስታንሊ የተባለው ድርጅት በ1869 የቤይሊን ሥራ ገዛው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዕቃዎቹ ላይ የሚቀረጸውም እሱ ነው።) ከዚያ በኋላ የመጡ ሠሪዎች ብዙዎቹ የተከተሉት ይህንኑ ቅርጽ ነው። ስለዚህ «ስታንሊ ይመስላል» ማለት ስታንሊ ነው ማለት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ አፍንጫው ላይ «ቤይሊ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ሌላ ድርጅት መስሏችሁ እንዳትደናገሩ። ስታንሊ ራሱ የፈልሳፊውን ስም አካሉ ላይ ያስቀርጽ ነበር።

አካሉ ላይ የምታገኙት ቁጥር መጠኑን ነው የሚናገረው እንጂ ጥራቱን አይደለም። ከ1 እስከ 8 ይሄዳል። 4 ቁጥር ወደ 24 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ማለስለሻ ነው። 5 ቁጥር 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ለሁሉም ነገር የሚሆን። 7 ቁጥር 56 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ረጅም ጠርዝ ለማቅናት። ሪከርድ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ቁጥሮቹን ከስታንሊ ወስዶ ፊታቸው ዜሮ ጨመረባቸው፤ 04፣ 05 እያለ። ቁጥሩ 604 ወይም 605 ከሆነ ደግሞ ቤድሮክ የሚባለው የስታንሊ ዓይነት ነው። ፍሮጉ አካሉ ላይ በሰፊው ስለሚያርፍ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጉታል። 1 ቁጥር እጅግ ትንሽ ነው፤ ብርቅም ነው። ብርቅ ስለሆነም ይመስላል አስመስለው የሚሠሩት አሉ።

ዕድሜውን ማወቅ

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ስለቱ ላይ ያለውን ምልክት አይቶ «መላጊያዬ የዚህ ዘመን ነው» ይላል። ስለት ያልቃል። ይቀየራል። ከሁሉም ክፍል ቶሎ የሚተካው እሱ ነው። ከሱ ቀጥሎ እጀታው። የመላጊያውን ልደት የሚያውቀው አካሉ ነው፣ አንድ ላይ ፈስሶ የተሠራው ከባዱ ብረት። ሌሎቹን ክፍሎች እንደ ጎረቤት ምስክር ስሟቸው፤ አካሉን እንደ እናት።

አካሉ ላይ የፈጠራ መብት ቀናት ካሉ ጥሩ ፍንጭ ነው። ግን አነባበቡን እወቁበት። አንዳንድ ስታንሊዎች ከፍሮጉ ኋላ ሦስት ቀናት ተደርድረውባቸዋል፦ ሁለቱ የ1902፣ አንዱ የ1910። ይህ ማለት መላጊያው በ1902 ተሠራ ማለት አይደለም። ከ1910 በፊት ሊሠራ አይችልም ማለት ነው። የመብት ቀን ከዚያ በፊት አለመሆኑን ይነግራችኋል እንጂ በዚያ ቀን መሆኑን አይነግራችሁም። የመጨረሻውን ቀን ያዙ፣ ወደ ፊት ቁጠሩ።

ቀን ሳይሆን የመብት ቁጥር ብቻ ከሆነ ያለውም ይጠቅማል። የአሜሪካ የፈጠራ መብት ቁጥር በተከታታይ ስለሚሄድ መለኪያ ይሆናል። አንድ ሚሊዮንኛው የተሰጠው በ1911 ነው። ሁለት ሚሊዮንኛው በ1935፣ ሦስት ሚሊዮንኛው በ1961። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉት የፈልሳፊው ሥዕል ጭምር ይወጣላችኋል። የእናንተን ዝገታም ብሎን በዚያ ዘመን ቀለም ተሥሎ ማየት፣ ለኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ጽሑፍ ባይኖርስ? አካሉ ራሱ ያወራል። ስታንሊ ላይ ፍሮጉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምታንቀሳቅስ ትንሽ ብሎን ከኋላ ካለች፣ መላጊያው ከ1907 ወዲህ ነው። የስለቱን ጥልቀት የሚያስተካክለው የናስ ዳዶ ትንሽ ከሆነ፣ ማለትም ስፋቱ ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከ1920 አካባቢ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ 3.2 ሳንቲ ሜትር አደገ። የፊተኛው ክብ እጀታ አጭርና ድፍጥጥ ያለ ከሆነም ከዚያው ዘመን በፊት ነው፤ ኋላ ረዘም አለ። ክዳኑ ላይ ያለው የብሎን ቀዳዳ የኩላሊት ቅርጽ ካለው ከ1933 ወዲህ የመጣ ነው። ዳዶው ናስ መሆን ሲገባው ጥቁር ጎማ መሳይ ወይም ተራ ብረት ከሆነ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታወሳችሁ? ናስ ለጦርነቱ ስለተፈለገ ስታንሊ በ1942 እና በ1945 መካከል በሌላ ነገር ተካው። ዓለምን ያናወጠ ጦርነት አንዲት ዳዶ ላይ አሻራውን ትቷል።

ስለቱ ላይ የልብ ቅርጽና በውስጡ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካያችሁ፣ ያ ከ1920 እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ገደማ የነበረው የስታንሊ ምልክት ነው። ልቡ የፍቅር አይደለም። የድርጅቱ አለቃ የነበረው የዊሊያም ሃርት ስም በእንግሊዝኛ ከልብ ጋር ስለሚመሳሰል ለሱ ማስታወሻ የተደረገ ነው።

አንዳንድ ጽሑፎች ግን ያታልላሉ። መሮ ወይም ስለት ላይ «ካስት ስቲል» የሚል ካለ፣ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ተሰባሪ ብረት መስሎት የሚጥለው ሰው አለ። ተሳስቷል። በ1740ዎቹ ሼፊልድ ውስጥ ቤንጃሚን ሃንትስማን ብረትን በሸክላ ማቅለጫ አቅልጦ አንድ ወጥ የሆነ ምርጥ ስቲል ማውጣት ቻለ። «ካስት ስቲል» የዚያ ዓይነት ስቲል ስም ነው። መሮው ላይ ካያችሁት ደስ ይበላችሁ። መጋዝ እጀታ ላይ ባለች ክብ የናስ ሜዳልያ «ዋራንትድ ሱፒሪየር» የሚል ካለ ደግሞ የሠሪ ስም አይደለም። ብዙ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ተራ ጽሑፍ ነው፤ «ምርጥ መሆኑ ዋስትና አለው» እንደማለት። እሱን ይዞ ድርጅት የሚፈልግ ሰው ሲዞር ይውላል።

የሀገር ስምም ይረዳል። እንግሊዝ በ1887፣ አሜሪካ በ1890 ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ ስለሚጻፍ የሀገር ስም ሕግ አወጡ። ስለዚህ «ኢንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» የሚል ምልክት ያለበት ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ ነው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከሆነ ጉዳዩ ያለቀ ነው፤ ሀገሪቱ በዚያ ሁኔታ የኖረችው ከ1949 እስከ 1990 ነው። ብሎኖቹንም ተመልከቱ። ባለ መስቀል ራስ ብሎን የተስፋፋው ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። የ1910 መላጊያ ላይ ባለ መስቀል ብሎን ካያችሁ አንድ ሰው በኋላ ቀይሮታል።

አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌ መሣሪያ ላይ በእጅ የተመታ ስም ወይም ሁለት ፊደል ብዙ ጊዜ ይገኛል። የባለቤቱ ነው። ሠራተኞች ዕቃቸው እንዳይጠፋ ወይም እንዳይቀየር ይመቱበት ነበር። ጉድለት መስሏችሁ እንዳትፍቁት።

ስንጥቅ ካለ

የመላጊያ አካል ፈስሶ የተሠራ ብረት ነው። ጠንካራ ነው፤ ግን አይለመጥም። ሲወድቅ ይሰነጠቃል። ዝገት ይለቃል፣ እጀታ ይቀየራል፣ የተሰነጠቀ አካል ግን ለሥራ መመለሱ ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙ ከመድከማችሁ በፊት ስንጥቅ ፈልጉ። ዋናው ቦታ ስለቱ የሚወጣበት አፍ ዳርና ዳር ነው፣ ቀጥሎ የጎኖቹ ግድግዳ። ጎኑ ላይ ቀጭን ቢጫ መስመር ካያችሁ፣ ተሰንጥቆ በናስ የተበየደ ሊሆን ይችላል።

በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ለማግኘት የድሮ የባቡር ጥገና ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ። ላምባ ትቀባላችሁ። ለጥቂት ደቂቃ ትተዉታላችሁ። በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርጋችሁ ትጠርጉታላችሁ። ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ትነሰንሱበታላችሁ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ቀስ ብሎ እየወጣ ነጩ ዱቄት ላይ ጥቁር መስመር ያሠምራል። ሲሠራ ማየት ደስ ይላል፤ ውጤቱ ያሳዝናል እንጂ።

መፍታት

የካቻቢቴያችሁ ጫፍ የብሎኑን ስንጥቅ ሞልቶ መቀመጥ አለበት። ጠባብ ከሆነ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ያልተፈታ ብሎን ካለ ዘልቆ የሚገባ ዘይት አድርጉበትና አሳድሩት። ነገም አልፈታ ካለ ደግማችሁ አሳድሩት። መዶሻ አታንሱ፤ ብረቱ የማይለመጥ ነው ብያለሁ።

ዳብሊዩ ዲ 40 የምንለው ቆርቆሮ ለዚህ ይረዳል። ግን ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ውኃ ማራቂያ፣ አርባኛ ሙከራ ማለት ነው፤ በ1953 የተሠራ። ዋና ሥራው እርጥበት ማራቅ ነው። ለወራት የሚቆይ መከላከያ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

የጥልቀት ማስተካከያውን የናስ ዳዶ ስትፈቱ ተጠንቀቁ። ጥርሱ ግራ ነው። እንደ ሌላው ብሎን ወደ ግራ ስትታገሉት እያጠበቃችሁት ነው። ወደ ቀኝ አዙሩት። እኔ በፒንሳ ታግዬ ናሱን ጫር ጫር ያደረግኩት ይህን ሳላውቅ ነው።

ብሎኖቹን አንድ ኩባያ ውስጥ አስቀምጡ። የስታንሊ ብሎኖች አንዳንዶቹ ጥርሳቸው ከሱቅ ብሎን ጋር አይገጥምም። በተለይ እጀታዎቹን የሚይዙት። አንዷ ብትጠፋ ተመሳሳይ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ዝገት

ብረት፣ ውኃና ኦክስጅን ሲገናኙ ዝገት ይወለዳል። ቀዩ ዝገት ከነበረው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይረግፋል። በቀዳዳዎቹ እርጥበት ስለሚይዝ ሥሩ ያለው ብረት መበላቱን ይቀጥላል። ከእሱ ሌላ ደግሞ ጥቁር፣ የተጣበቀ፣ ለስላሳ ሽፋን አለ። ይህኛው አይረግፍም፤ ብረቱን እንደመሸፈን ያደርገዋል። ሰብሳቢዎች የዕድሜ ወዝ ነው ብለው የሚሳሱለት እሱን ነው። ቀዩ ይሂድ፣ ጥቁሩ ይቅር። ይህን ልዩነት ያወቀ ሰው ሥራው በግማሽ ይቀንስለታል።

ከቀላሉ ጀምሩ። መጀመሪያ ደረቅ ብሩሽ፣ ቀጥሎ ትንሽ ዘይትና ደቃቅ የብረት ሽቦ፣ እንደ ዕቃ ማጠቢያው ግን በጣም የሚለሰልሰው ዓይነት። ለቀላል ዝገት ይሄ ይበቃል። እጃችሁን ያደክማል፣ ብረቱን ግን አይጎዳም። የአሮጌ ዕቃ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ፍቃችሁ አቧራውን አትሳቡ። በእርጥብ ሥሩ፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ካልበቃ አቼቶ አለ። ነጩ አቼቶ ውስጥ 5 ከመቶ ያህል አሴቲክ አሲድ ይኖራል፤ ዝገት ያሟሟል። ስለቱን፣ ብሎኖቹን፣ ትንንሾቹን ክፍሎች ከተታችሁ በየጥቂት ሰዓቱ እያወጣችሁ ቦርሹ። ረስታችሁት ለሳምንት እንዳትሄዱ። አሲዱ ዝገቱን ሲጨርስ «በቃኝ» አይልም፤ ወደ ብረቱ ይዞራል። ሲትሪክ አሲድ በውኃ ተበጥብጦም ይሠራል፤ ሽታው ስለማይከብድ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ናስና እንጨት ግን አብረው አይገቡም። በምንም ዓይነት አቼቶና በረኪናን አታገናኙ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ከአሲዱ ሲወጣ በውኃ እጠቡት፤ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ነከር አድርጋችሁ የቀረውን አሲድ አርክሱት። ከዚህ በኋላ ሩጫ ነው። አሁን የወጣ እርቃን ብረት እርጥብ ሆኖ ከቆየ በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካናማ ይሆናል። በሙቅ ውኃ አለቅልቃችሁ ወዲያው አድርቁት፤ የፀጉር ማድረቂያ ቢኖር ግሩም ነው። ሳይቀዘቅዝ ዘይት ቀቡት።

በኤሌክትሪክ ዝገት ማውለቅም አለ። መሣሪያውን የማጠቢያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ከባትሪ ቻርጀር አሉታዊ ጫፍ ጋር አገናኝቶ፣ አወንታዊውን ከቁራጭ ብረት ጋር ማገናኘት ነው። ዝገቱ ከመሣሪያው ይለቃል፤ የሚበላው ቁራጩ ነው። ጎበዝ ዘዴ ነው፣ ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፤ እሳት በሌለበት፣ አየር በሚዘዋወርበት ሥሩ። ቁራጩ ስቴንለስ ስቲል እንዳይሆን፤ መርዛማ ክሮሚየም ውኃው ውስጥ ይገባል። ሦስተኛ፣ ቀለም ያነሣል።

ቀለሙን ካነሣሁ አይቀር፣ የመላጊያው አካል ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሽፋን ጃፓኒንግ ይባላል። ከአስፋልትና ከተልባ ዘይት ተቀይጦ በእሳት ምድጃ የሚጋገር ነበር። አብዛኛው ካለ አትንኩት። እንደገና መቀባት ዕቃውን አዲስ አያደርገውም፤ ዕድሜውን ብቻ ይደብቃል። መላጊያው ብርቅ ከሆነ ደግሞ ከማጽዳት አልፋችሁ ምንም ባታደርጉ እመክራለሁ።

ስለቱና ሰማያዊው ነገር

ስለት ሲሠራ በእሳት ይጠነክራል፤ ከዚያ እንዳይሰበር በልኩ ሙቀት ይለዝባል። የሚለዝበው ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በግራይንደር ስትስሉት ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱን የሚያሸሽበት ቦታ የለውም። መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ ይሆናል። 300 ዲግሪ ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ሆነ ማለት ጥንካሬው ሄደ ማለት ነው። ይሳላል፣ ግን ጥቂት ልጋችሁበት ይደንዛል። ያ ሁሉ ሰው ያደነቀው የኔ ሰማያዊ ይሄ ነበር።

ስለዚህ በግራይንደር ከሆነ ቀስ ብላችሁ፣ በየሁለት ሦስት ሰከንዱ ውኃ ውስጥ እየነከራችሁ። ጣታችሁ መያዝ ካቃተው ሞቋል ማለት ነው፣ ንከሩት። ጊዜ ካላችሁ ድንጋይ ላይ በእጅ መሳል ይሻላል።

የስለቱን ጀርባ አትርሱት። ስለት ሁለት ገጽ ሲገናኝ የሚፈጠር መስመር ነው። ጀርባው በዝገት ጎድጉዶ ከሆነ ፊቱን የቱንም ያህል ብትስሉት ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ሁሉንም ጀርባ ማለስለስ አያስፈልግም፤ ወደ ጫፉ ያለው ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ጫፉን እስክታልፉት መቁረጥ ነው።

ማዕዘኑ 25 ዲግሪ፣ የመጨረሻው ጠርዝ 30 ዲግሪ ቢሆን ይሠራል። መለኪያ ከሌላችሁ በማስመሪያ ይገኛል። 25 ዲግሪ ላይ የተሳለው ተዳፋት ርዝመት የስለቱን ውፍረት በ2.4 አባዝታችሁ ከምታገኙት ጋር ይቀራረባል። የድሮ ስታንሊ ስለት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ተዳፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በ1000 ቁጥር መሳያ ድንጋይ ጀምሩ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ እየለሰለሰ ይሄዳል። ጀርባው ላይ ጣታችሁን ወደ ጫፉ ስትስቡ ቀጭን ሽንጥር ብረት ሲነካችሁ በቂ ተስሏል። ከዚያ ወደ 6000 እለፉ፤ ሽንጥሩንም ከጀርባ በኩል አንሡት።

ስለቱ ላይ የሚታሰረው ሁለተኛ ብረት ፍቅፋቂውን የሚሰብረው ነው። ጫፉ ምንም ክፍተት ሳይኖር ስለቱ ላይ መቀመጥ አለበት። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩ። ብርሃን ካለፈ ፍቅፋቂም ያልፋል፤ መሃላቸው ይወተፍና መላጊያው ይታነቃል። ከስለቱ ጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ወደ ኋላ አድርጋችሁ እሠሩት። «አሮጌው መላጊያዬ አይሠራም» ከሚሉኝ ሰዎች የብዙዎቹ ችግር እዚህች ጋ ነው የሚገኘው።

የታችኛው ገጽ

ይህንን ሰው ያካብደዋል። ሆዱ እንደ መስታወት መሆን የለበትም። አፍንጫው፣ ከአፉ ፊት ያለው መስመርና ተረከዙ፣ እነዚህ ሦስቱ አንድ ወለል ላይ ከነኩ ይልጋል። ብርጭቆ ወረቀት በወፍራም መስታወት ላይ ለጥፉ። ሆዱ ላይ በማርከር መስመሮች አሥምሩ። ስለቱን ሳታወጡት፣ ወደ ውስጥ ሰብስባችሁ፣ ክዳኑን እንደ ሥራ ጊዜ አጥብቃችሁ እሹ። ስለቱ ሲታሰር አካሉ በጥቂቱ ስለሚጎብጥ ነው። ማርከሩ ከሦስቱ ቦታ ሲጠፋ አቁሙ። ሌላ ቦታ የቀረው መስመር ይቅር።

እጀታና ማስቀመጫ

እጀታው እንጨት ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከተሰነጠቀ በእንጨት ሙጫ አጣብቁ፣ የተልባ ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የዘይቱን ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ ጥግ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ያንን ሙቀት አፍኖ በራሱ ጊዜ ሊነድ ይችላል። ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ሥራ ስትጨርሱ የእጃችሁን ላብ ከብረቱ ላይ ጥረጉ። ላብ ጨው አለው። ከዚያ ስስ ዘይት ወይም ሰም። ሰሙ ሆዱ ላይ ቢሆን ደግሞ መላጊያው እንጨቱ ላይ ይንሸራተታል፤ የሻማ ቁራጭ ቢሆንም ይሠራል። የሚያምር የኦክ እንጨት ሳጥን ውስጥ አስገብታችሁ እንዳትረሱት፤ ኦክ አሴቲክ አሲድ ያተናል፣ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ብረት ያዝጋል። የቆዳ ማኅደርም እርጥበት ይይዛል። አየር የሚያገኝ መደርደሪያ ይሻላል።

የእኔን የመጀመሪያ መላጊያ እስካሁን እጠቀምበታለሁ። ሰማያዊው ክፍል እስኪያልቅ ድንጋይ ላይ በእጅ ስስለው ስለቱ ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር አጠረ። አሁን ፍቅፋቂው ስስ ሆኖ ይወጣል። ማን እንደሠራው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሠራው ግን አላውቅም። ሊነግረኝ የሚችለውን ነገር በብርጭቆ ወረቀት ያጠፋሁት እኔ ነኝ።